ዘበኛ የሌለው ፈተና፣ ክፍያ የሌለው ኮሌጅ

አሜሪካ ውስጥ መምህሩ ክፍል ገብቶ ሌክቸር የማይሰጥበት፣ ዲፓርትመንትም ሆነ ሜጀር የሚባል ነገር የሌለው ኮሌጅ አለ። ተማሪው የማጠቃለያ ፈተናውን በመረጠው ቀንና ሰዓት፣ ማንም ሳይጠብቀው ሠርቶ የሚያስረክብበት ሌላ አለ። ከ1892 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለትምህርት ብሎ ከተማሪ ገንዘብ ተቀብሎ የማያውቅ፣ በምትኩ ተማሪውን ሁሉ ሥራ የሚያሠራም አለ። ተረት የሚመስሉትን እነዚህን ቦታዎች በአንድ የሚያዝያ ሰሞን ዞሬ አይቻቸዋለሁ። ያዞረችኝ የእህቴ ልጅ ናት።

ታላቅ እህቴ፣ እቴቴ ነው የምላት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። በሳምንቱ ቀናት ሆስፒታል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጇ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ስደርስ እናትና ልጅ ተኳርፈው ነው ያገኘኋቸው። ከቤታቸው በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ትልቁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለስቴቱ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ የማኅበርተኛ ልጅ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። ልጅቱ ግን እቴቴም ሆነች የደብሩ ሰው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ የትናንሽ ኮሌጆች ዝርዝር ይዛ ቁጭ ብላለች።

«ማሚ፣ ልቤ የሚያርፍበት ቦታ ነው የምፈልገው» ትላለች።

«ልብሽ በደሞዝሽ ያርፋል» ትመልሳለች እቴቴ።

እኔ ሽማግሌ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተጫንኩ።

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚሏቸው አብዛኞቹ ከአምስት መቶ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተማሪ ያላቸው ናቸው። ማስተርስና ዶክትሬት እምብዛም ስለማይሰጡ ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው የአንደኛ ዓመቱን ተማሪ የሚያስተምረው። ተማሪው ፍልስፍናውንም ኬሚስትሪውንም ሙዚቃውንም እየቀመሰ ይቆይና ሜጀሩን የሚመርጠው ሁለተኛ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ነው። ብዙዎቹን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የየሃይማኖቱ ማኅበር በየትንሹ ከተማ የተከላቸው ናቸው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ የራሱ ልማድ፣ የራሱ ሕግ፣ አንዳንዴም የራሱ አመል አለው።

እቴቴ ይህ ሁሉ ቅብጠት ይመስላታል። አልፈርድባትም። በእሷ ጊዜ ፎርም ይሞላል፣ ውጤት ይወጣል፣ ከዚያ ምደባ ነው። ታሪክ ላጥና ብላ አካውንቲንግ ደረሳት፤ አይታው የማታውቀው ከተማ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ ገባች። ማንም «ልብሽ አረፈ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። በመንገድ ላይ አያታችንን አነሳሁባት። አያታችን ቅኔ ፍለጋ በእግራቸው አገር ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ አንዱ መምህር ዘንድ ሰንብተው አልጥም ሲላቸው ለምዳቸውን ደርበው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ወደ ዋሸራ፣ ከዚያም ወደ ጎንጅ ተሻገሩ። መምህራቸውን የመረጡት በጆሯቸውና በልባቸው ነው እንጂ መዳቢ አልነበራቸውም።

«እሳቸው ለአኩፋዳቸው ባንክ አልተበደሩም» አለችኝ መሪዋን ሳትለቅ።

አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ

በሩት 50 ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አናፖሊስ ገባን። የሴንት ጆንስ ኮሌጅ ሥሩ በ1696 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ የኮሌጅነት ቻርተሩን ያገኘው በ1784 ነው። ከመንገዱ ማዶ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ አለ። በዚያ በኩል ዩኒፎርሙን የተኮሰ፣ ፀጉሩን ያሳጠረ ወጣት በሰልፍ ይሄዳል፤ በዚህ በኩል በባዶ እግሩ ሣር ላይ ተጋድሞ ፕላቶን ያነባል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ክሮኬት በተባለው ጨዋታ ይጋጠማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚረቱት አንባቢዎቹ ናቸው፤ የባሕር ኃይሉ ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚሸከሙት እንጃ።

በ1937 ኮሌጁ በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ደርሶ ሳለ ስትሪንግፌሎ ባርና ስኮት ቡካናን የተባሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ሥርዓተ ትምህርቱን ከሥሩ ነቀሉት። ዛሬም ድረስ እነሱ የተከሉት ነው የሚሠራበት። ሁሉም ተማሪ የሚማረው አንድ ዓይነት ነው፤ ከሆሜር ተነስቶ በአራት ዓመት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዋና ዋና መጻሕፍትን ያነባል። ሂሳቡን የሚጀምረው ከራሱ ከዩክሊድ መጽሐፍ ነው። ሁለት ዓመት ጥንታዊ ግሪክኛ፣ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ፣ ሦስት ዓመት ቤተ ሙከራ። ሰኞና ሐሙስ ማታ ደግሞ ሴሚናር አለ፤ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ባነበቡት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይከራከራሉ። መምህራኑ ማዕረግ አይጠሩም፤ ዘንድሮ ግሪክኛ ያስተማረው ሰው ለከርሞ ቤተ ሙከራ ሊያስተምር ይችላል። እሱም ከተማሪው ጋር እንዲቸገር ነው የሚፈለገው።

እንግዳ ተማሪ ክፍል ገብቶ እንዲያዳምጥ ይፈቀዳል፤ መናገር ግን አይችልም። እኛም ተለምነው የሂሳብ ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጡን። አንዲት ቀጭን ልጅ ጠመኔ ይዛ የዩክሊድን አንድ ማረጋገጫ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትሠራ ነበር። ማስታወሻ አልያዘችም። ግማሽ መንገድ ደርሳ ቆመች። መስመር ሰረዘች፤ ደግማ አሰመረች፤ እንደገና ቆመች። መምህሩ እዚያው ተቀምጧል፤ መልሱን እንደሚያውቅ ፊቱ ይናገራል፤ ግን ትንፍሽ አይልም። ዝምታው ረዝሞ እኔን አላበኝ። ድንገት ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ልጅ «እነዚያ ሁለት መስመሮች እንደሚገናኙ በምን አወቅሽ?» አላት። ልጅቱ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ትንሽ ቆይታ ሳቀች፤ «አላወቅኩም» አለች። ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ሰዎች በአንድ ላይ ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ተረባረቡ። የእህቴ ልጅ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ሂሳብ ክፍል ውስጥ «አላወቅኩም» ብሎ የሳቀ ሰው አላየሁም።

እቴቴን የገረማት ሌላ ነው። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው ከመምህራኑ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥና እነሱ እሱ እዚያ እንደሌለ ሆነው ስለ እሱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ «እሷ በሴሚናር ትፈጥናለች፣ ሌላውን አትሰማም» እየተባለ። እስኪጨርሱ ትሰማለች፤ ከዚያ ተራው የእሷ ነው። የፊደል ውጤትም አለ፤ ተማሪው ካልጠየቀ ግን አይነገረውም።

«ይሄማ ሐሜት ነው» አለች እቴቴ። «ልዩነቱ ፊት ለፊት መሆኑ ብቻ።»

ስለ ዋጋው ስትጠይቅ ግን ፊቷ ፈታ አለ። የአሜሪካ የግል ኮሌጆች ልማድ ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎ ከዚያ ለእያንዳንዱ በየአቅሙ መቀነስ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለውን ዋጋ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው። ሴንት ጆንስ በ2018 ይህ ጨዋታ ይብቃኝ ብሎ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የነበረውን የትምህርት ክፍያ ወደ 35 ሺህ እንደሚያወርድ አስታወቀ። ያም ቢሆን ለእቴቴ ብዙ ነው። እሷ ግን «ቢያንስ አይዋሹም» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደብተሩ የእሷ ነበር፤ ልጅቱ ምንም አትጽፍም።

ፊላደልፊያ አካባቢ

ስዋርዝሞርን ቶሎ ልለፈው፤ የውበቱ ነገር ብዙ የተወራለት ነው። በ1864 ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች መሠረቱት፤ ግቢው ራሱ የዕፅዋት መናፈሻ ነው፤ ከፊላደልፊያ የሚመጣው ባቡር ከኮሌጁ ግርጌ ይቆማል። ተማሪዎቹ የሚመረቁት በጫካ ውስጥ በድንጋይ እርከን በተሠራ ክፍት አምፊቴአትር ነው፤ ረጃጅም ዛፎች ከመቀመጫዎቹ መሃል ቀጥ ብለው ወጥተዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1922 ፍራንክ ኤይደሎት የተባለው ፕሬዚዳንት የጀመረው የክብር መርሐ ግብር አለ፤ ይህን የመረጠ ተማሪ መጨረሻ ላይ የሚፈትኑት የራሱ መምህራን ሳይሆኑ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጠሩ ምሁራን ናቸው። በዚህ ጊዜ መምህሩ ዳኛ መሆኑ ይቀርና ከተማሪው ጎን ይሰለፋል፤ ሁለቱም አብረው ነው የሚፈተኑት። እቴቴ ምህንድስና እንደሚያስተምሩ ስትሰማ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ልጅቱ «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቦታው አንድም ጥያቄ ስላልጠየቀች ነገሩ ገባኝ።

በመኪና ጥቂት እልፍ ብሎ ሃቨርፎርድ አለ፤ እሱም ኩዌከሮች በ1833 የመሠረቱት ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሪኬትን በኮሌጅ ዋና ቡድን ደረጃ የሚጫወት ይህ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አስጎብኚያችን፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ወደኋላ እየተራመደ ነበር የሚያወራን። በዚህ ሁሉ ጉብኝት አንዱም ሲደናቀፍ አላየሁም።

የመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ቦርሳ ወለሉ ላይ ተደርድሯል፤ የአንዳንዱ ዚፕ ተከፍቶ ላፕቶፑ ይታያል። እቴቴ ቆማ ባለቤት ፍለጋ ግራ ቀኝ ታይ ጀመር። «የማን ነው ይሄ? ይወስዱበታል እኮ!» ልጁ ፈገግ ብሎ ማንም እንደማይነካው ነገራት። እዚህ ሁሉም ነገር የሚቆመው ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት የክብር ደንብ ላይ ነው። የማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ ተማሪው የፈተናውን ወረቀት ወስዶ፣ ራሱ ሰዓት ይዞ፣ ማንም ሳይቆጣጠረው ይሠራና ይመልሳል። ደንቡ ከላይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ተማሪው በየዓመቱ ተሰብስቦ ድምፅ እየሰጠ ያድሰዋል። በ2018 የሚያስፈልገው ድጋፍ ሳይሞላ ቀርቶ ደንቡ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ ተማሪዎቹ እንደገና ጉባኤ ጠርተው መለሱት።

«ጓደኛህ ሲኮርጅ ብታየውስ?» አልኩት።

መጀመሪያ ራሱ ሄዶ እንዲናዘዝ ትነግረዋለህ አለኝ። አልሄድም ካለ አንተ ታሳውቃለህ። በተግባር ግን ከባዱ የፈተናው አይደለም፤ አብሮህ የሚኖረውን ልጅ «ሙዚቃህ አስቸገረኝ» ብሎ ፊት ለፊት መናገሩ ነው አለ። ዘበኛ የለም፤ ተቆጣጣሪ የለም፤ እርስ በርስ መነጋገር ግዴታ ነው።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ቦርሳዬን ጥዬ መሄድ እወዳለሁ፤ ጓደኛዬን ግን አላጋልጥም» አለች። እናቷ ደግሞ እንደማጋለጥ መቁጠር የለባትም አለች፤ ተከራከሩ። እስከ ሀይዌይ ድረስ ተከራከሩ። የኮሌጅ ምርጫ ውስጥ «ተስማማኝ» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሣሩና ሕንፃው አይደለም። እያንዳንዱ ቦታ ከገባህ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቅሃል፤ እዚያ «አላውቅም» እንድትል፣ እዚህ ጓደኛህን እንድትጋፈጥ። ልጅቱ ሃቨርፎርድን ወዳዋለች፤ የሚጠይቃትን ግን አልሰጥም አለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ይህን መለየቷ አስደነቀኝ፤ ለእናቷ አልነገርኳትም።

ስሙን የማልጠራው

በመንገዳችን ላይ አንድ ሌላ ኮሌጅ ገብተን ነበር። የስፖርት ማዕከሉን፣ ሰው የሚወጣጣበትን ሰው ሠራሽ ገደል፣ ዋፍል መጥበሻውን አስጎበኙን። ክፍል ገብተን እንዳናዳምጥ ቀኑ አይመችም ተባልን። ቤተ መጻሕፍቱን በመስታወት አሳዩን። የእህቴ ልጅ በየደረሰችበት የማስታወቂያ ሰሌዳ የማንበብ ልማድ አላት፤ አናፖሊስ ሰሌዳው ላይ የቲያትር ልምምድና የጠፋ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ነበር። እዚህ የተለጠፈው ሁሉ ከአስተዳደሩ የወጣ ነው።

ከገለጻው በኋላ እቴቴ እጇን አወጣች። «ይህ ትምህርት ቤት ልጄ እስክትመረቅ ይቆያል?» አለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ወላጆች ሁሉ ዞረው አዩዋት። ጥያቄው ስድብ አልነበረም። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ኮሌጅ በ2024 ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ለተማሪው የቀረው ጊዜ ሳምንታት ብቻ ነበር። ቨርጂኒያ ያለው የሴቶች ኮሌጅ ስዊት ብራየርም በ2015 ልዘጋ ነው ብሎ ነበር፤ ተመራቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ፍርድ ቤት ቆመው አዳኑት። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚወለደው ልጅ ቀንሷል፤ እነዚያ ያልተወለዱት ልጆች ኮሌጅ የሚገቡበት ጊዜ አሁን ነው። ተማሪ የሚከፍለውን እየጠበቀ የሚኖር፣ የተቀማጭ ፈንድ የሌለው ትንሽ ኮሌጅ በጣት የሚቆጠር ተማሪ ሲጎድልበት ይናጋል።

መልስ ሰጪዋ ስለ ብሩህ ተስፋ ተናገረች። እቴቴ ወጥታ መኪና ውስጥ ስልኳን ከፈተች። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያስገቡት ሂሳብ ለማንም ክፍት ነው። ለካ ያ ያልወደደችው አካውንቲንግ አብሯት አሜሪካ ገብቷል። ገቢና ወጪውን፣ ዕዳውን አየች፤ «እንሂድ» አለች።

ኒው ኮንኮርድ፣ ኦሃዮ

ይህችኛዋን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስንሄድ ኦሃዮ ውስጥ ትንሿ ኒው ኮንኮርድ መንገድ ላይ ናት፤ መስኪንገም የተባለው ኮሌጅ (አሁን ዩኒቨርሲቲ ተብሏል) እዚያ ነው። አሜሪካኖች የሚያውቁት ምድርን በመንኮራኩር በዞረው በጆን ግሌን ነው። እኔ የማውቀው በመላኩ በያን ነው።

ራስ ተፈሪ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ከላኳቸው የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ መላኩ ነው። ፕሬዚዳንት ሃርዲንግን አግኝተዋቸዋል፤ ሃርዲንግ ራሳቸው የኦሃዮ ሰው ናቸው። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን በዚያው ዘመን ወለጋ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። ወሎ የተወለደው መላኩ በዚህ ኮረብታማ የገጠር ግቢ ተማረ፤ በኋላ ኦሃዮ ስቴት፣ ከዚያም ሃዋርድ ገብቶ በ1935 በሕክምና ተመረቀ። ጦርነቱ ሲመጣ አገሩ ገብቶ አገለገለ፤ ተመልሶም በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። በ1940 ሲሞት ገና አርባ ዓመቱ ነበር።

ግቢው ኮረብታ ላይ ነው፤ ከታች ኩሬ አለ። መላኩ የቆመበትን ቦታ የሚያሳይ ሰው አላገኘሁም፤ መንገደኛ ተማሪ ብጠይቅ ስሙን አልሰማም። ለልጅቱ ነገሩን በስሜት ስተርክላት እናቷ አቋረጠችኝ።

«ኮሌጁን ማን መረጠለት?»

«እሱማ... ላኩት።»

«ተመድቦ ነዋ!» አለች እቴቴ፤ እስከ ኮለምበስ ድረስ ደስታዋ አልበረደም።

ቤርያ፣ ኬንታኪ

ከሲንሲናቲ በአይ-75 ወደ ደቡብ፣ ሌክሲንግተንን አልፎ፣ ሜዳው አልቆ የአፓላቺያ ተራራ ሊጀምር ሲል ቤርያ ናት። ስሟ ከሐዋርያት ሥራ የተወሰደ ነው። ጆን ፊ የተባለ የባርነት ተቃዋሚ ሰባኪ ባሪያ በሚሸጥበት ኬንታኪ ውስጥ በ1855 ትምህርት ቤት ከፈተ። መሬቱን የሰጠው ካሲየስ ክሌይ የተባለ ባለጠጋ ፖለቲከኛ ነው፤ መሐመድ ዓሊ ቀድሞ የሚጠራበት ስም የዚህ ሰው ነው። በ1859 የባርነት ደጋፊዎች ፊንና ባልደረቦቹን አባረሯቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል አስቀመጡ። የጥቁር ታሪክ አባት የሚባለው ካርተር ውድሰን በ1903 የተመረቀው ከዚህ ነው። በዓመቱ የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር ሕግ አወጣ። ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1908 ተረታ፤ ከዳኞቹ መካከል ተቃውሞውን የጻፉት የኬንታኪው ተወላጅ ሃርላን ነበሩ። በሩ እንደገና ለጥቁር ተማሪ የተከፈተው ሕጉ በ1950 ከተሻሻለ በኋላ ነው። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረችን።

ከዚያ ወደ ወርክሾፖቹ ወሰደችን። እዚህ ሁሉም ተማሪ፣ ሀብታም ደሃ ሳይል (ሀብታም እንኳ የለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ) በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። አንዱ ቤተ ሙከራ፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ሽመና፣ አንዱ እንጨት ሥራ። እኛ የቆምነው መጥረጊያ የሚሠራበት ክፍል ነው። አንድ ጎረምሳ የእንጨት እጀታ በእግር በሚዘወር ማሽን ላይ አስሮ ደረቅ ጭራሮ እየጨመረ በክር ያጠብቃል፤ አንድ ዙር፣ ደግሞ ጭራሮ፣ ደግሞ አንድ ዙር። ወለሉ በቀይ ቡናማ ፍሬ ተሸፍኗል። እቴቴ ጎንበስ ብላ አንድ ራስ አነሳች፣ በመዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው።

«ማሽላ ነው እኮ!» አለች በአማርኛ፤ ልጁ ቀና አለ።

እውነቷን ነው። የመጥረጊያው ተክል የማሽላ ዘር ነው፤ ማሽላ ደግሞ መጀመሪያ የለማው በእኛው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ልጅቱ አስተረጎመች። ጎረምሳው እንዲህ የሚያውቀው ሰው መጥቶለት እንደማያውቅ ተናገረ፤ አንዱን ጭራሮ ለእቴቴ ሰጥቶ እንዴት እንደሚጠመዘዝ አሳያት። ከሰዓት በኋላ ኬሚስትሪ ላብ አለኝ አላት። እሷ ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ ክፍያው፣ ሥራው ከትምህርቱ ያጣላው እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሥራ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲያወራ ድምፁ ይለያል። እኔና ልጅቱ ተረሳን።

ታዲያ ማን ይከፍላል? ኮሌጁ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈንድ አለው። ከ1920 ጀምሮ ሰው ዓላማውን ሳይወስን በኑዛዜ የሚተውለትን ሁሉ ሳይበላ ወደዚያ ፈንድ ሲያስገባ ኖሯል። ለማኝ ሆኖ የጀመረ ቤት መቶ ዓመት ሙሉ ቆጥቦ እዚህ ደረሰ። እቴቴ ይህን ስትሰማ ደብተሯን ዘጋች።

የሚቀበለው ግን ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ብቻ ነው። ከገደቡ በላይ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አይገባም። ማታ በኮሌጁ ሆቴል በቡን ታቨርን ሎቢ ተቀምጠን እቴቴ ላፕቶፕ ከፈተች። እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤተሰብ ገቢ አስገብተህ በእርግጥ ስንት እንደምትከፍል የሚገምት ማስያ ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ከ2011 ጀምሮ ሕግ ያስገድደዋል። የሆስፒታሉን ደሞዝ አስገባች፤ የመጦሪያውን ጨመረች። ሁለተኛው ሥራ ነው ገደቡ ላይ ያደረሳት።

«ሁለት ቦታ መሥራቴ ነው ጥፋቴ?» አለች። ሳቀች፤ ግን አልሳቀችም።

«ማሚ፣ እኔ እኮ አናፖሊስን ነው የፈለግኩት» አለች ልጅቱ። እናቷ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረች የአናፖሊሱን ማስያ ከፍታ ቁጥሮቹን መሙላት ጀመረች፤ ግማሽ ላይ ቆመች።

«እዚያ የምትማሪው ግሪክኛ ነው። እዚህ ግን...»

«እዚህን የወደድሽው አንቺ ነሽ! ለምን ራስሽ አታመለክቺም?»

ቀልድ ነበር። እቴቴ ግን አልሳቀችም። ቁልፍ የምታስረክበው ልጅ፣ እሷም ተማሪ ናት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብላ አየችን። እቴቴ ተነስታ ወደ ባንኮኒው ሄደች። የእህቴ ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የምዝገባ ቢሮው ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» ስትል ሰማኋት።